ተታልሎ ዝም ያለ ሰው

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1925 ቪክቶር ሉስቲግ የተባለ አጭበርባሪ ፓሪስ ላይ የኤፍል ማማን ሸጠ። አዎ፣ ማማውን! ለጥገናው ብዙ ወጪ እንደሚወጣ ጋዜጣ ላይ አነበበ። የመንግሥት ደብዳቤ አስመስሎ አሠራ፤ አሮጌ ብረት የሚገዙ ነጋዴዎችንም ትልቅ ሆቴል ጠራ። መንግሥት ማማውን አፍርሶ ብረቱን ሊሸጥ ነው፤ ነገሩ ግን ምስጢር ነው አላቸው። አንዱ አምኖ ከፈለ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ለሳቅ ነው የሚወራው። እኔን የሚከብደኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ገዢው መሸወዱን ሲያውቅ አፍሮ ለፖሊስ ሳይናገር ቀረ። ሉስቲግ ከአገር ወጥቶ ጋዜጣ ይከታተል ነበር። ምንም ወሬ ሲያጣ ተመልሶ መጣና ያንኑ ማማ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ሞከረ! በዚህኛው ጊዜ ነገሩ ፖሊስ ጆሮ ስለ ደረሰ ሸሸ።

የመጀመሪያውን ሰው ልወቅሰው አልችልም። ለማን ይናገር? የሰማው ሁሉ ሊስቅበት ነው።

በእኛም መካከል እንዲህ ያለ ዝምታ አለ። አንድ ወንድም ከሦስት ዓመት በፊት የተበላውን ገንዘብ በቅርቡ ነገረኝ። ሚስቱ እንኳ አታውቅም። አንገቱን ደፍቶ የመጽሐፍ ቅዱሱን ዚፕ ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋል። ስለ ገንዘቡ ብዙም አላወራም። “ጸሎተኛ ነኝ እያልኩ እንዴት አልገባኝም?” ነው ያለኝ።

ኢያሱ ምዕራፍ 9ን አብረን አነበብን። የገባዖን ሰዎች ጎረቤት ሆነው ሳለ ከሩቅ አገር የመጡ መስለው ቀረቡ። ዝግጅታቸውን ተመልከቱ። አሮጌ ከረጢት፣ የተቀደደና የተጠገነ የወይን ጠጅ አቁማዳ፣ የተጠጋገነ ጫማ፣ የደረቀና የሻገተ እንጀራ። እስራኤላውያን ጠርጥረው ነበር፤ ምናልባት እዚሁ አጠገባችን የምትኖሩ ብትሆኑስ ብለዋቸዋል። ከዚያ ግን ስንቁን አዩና አመኑ፤ የሰላም ቃል ኪዳን ገብተውም ማሉላቸው። እግዚአብሔርን አልጠየቁም። ያዩት ማስረጃ ሊያሳምናቸው ታስቦ የተዘጋጀ ነበር፤ ልክ እንደ ሉስቲግ ደብዳቤ። እውነቱ በሦስተኛው ቀን ወጣ።

ዮርዳኖስ የተከፈለለት፣ የኢያሪኮ ቅጥር የፈረሰለት ኢያሱ ተሸወደ። መጽሐፍ ቅዱስም አልደበቀውም።

“የተበላው ስለ ተስገበገበ ነው” እንላለን። አንዳንዴ እውነት ነው። በ1920 ቦስተን ውስጥ ቻርልስ ፖንዚ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ አገኝላችኋለሁ ሲል ስንቱ ተሰለፈ! የኋለኞቹን ገንዘብ ለፊተኞቹ እንደ ትርፍ ይከፍል ነበር። ግን የሶርያውን የጦር አለቃ ንዕማንንስ ምን እንበለው? ገና ከለምጹ መንጻቱ ነው፤ ልቡ በምስጋና ሞልቷል። የነቢዩ የኤልሳዕ አገልጋይ ግያዝ በጌታው ስም ዋሽቶ ሲመጣበት ከሰረገላው ወርዶ ተቀበለው። ለእንግዶች ብሎ አንድ መክሊት ብር ሲጠይቀው ሁለት ውሰድ ብሎ ለመነው። አታላዩ የገባው በደግነቱ በኩል ነው። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ማንም በጌታ ስም መጥቶ “ቶሎ በል፣ ለማንም አትናገር” ካላችሁ እዚያው ቁሙ። ጸልዩ፤ ለትዳር አጋራችሁ፣ ለምታምኑት ሽማግሌ ንገሩ። ምስጢር ነው ያለው ሉስቲግም ነው።

የተጎዳ ሰው ሲመጣባችሁ ደግሞ “እንዴት አላወቅህም?” አትበሉት፣ እባካችሁ። ያንን ጥያቄ ራሱን ሲጠይቅ ነው ያደረው። አብራችሁት ባንክ ሂዱ፤ ፖሊስ ጣቢያም ሂዱ። “ለጌታ ሰጥቼዋለሁ” ብሎ ዝም የሚል አለ፤ ይቅርታ መልካም ነው፣ ግን አጭበርባሪው አሁን የሌላ እህታችንን ቤት እያንኳኳ ነው። ኢያሱም ሰዎቹን ጠርቶ ስለ ምን አታለላችሁን ብሎ ፊት ለፊት ጠይቋቸዋል።

ከዚያ ምዕራፍ 10ን ገለጥን። አምስት ነገሥታት ገባዖንን ከበቡ። ኢያሱ መሐላውን አክብሮ ሌሊቱን ሁሉ ከጌልገላ ሲጓዝ አድሮ ደረሰላቸው። ፀሐይ የቆመችው በዚያ ቀን ነው፤ በዚያችው ባታለሉት ሰዎች ከተማ፣ በገባዖን ላይ።

ወንድሜ ዚፑን መክፈትና መዝጋቱን ተወ። ጥቅሱን አንዴ ደግሞ ለራሱ አነበበው። “ማታ ለባለቤቴ እነግራታለሁ” አለኝ።