የቤዝቦል ቁጥሮች ከዘመን ዘመን እንዴት ይነጻጸራሉ?

እ.ኤ.አ. በ1968 ከሁለቱ የአሜሪካ ዋና ሊጎች በአንዱ፣ በአሜሪካን ሊግ፣ በመምታት አማካይ መቺዎችን የመራው ካርል ያስትረምስኪ ነው። አማካዩ .301 ነበር። ከ1000 የመምታት ሙከራ 301ዱ ተሳክቷል እንደማለት ነው። በ1930 ግን የሌላኛው፣ የናሽናል ሊግ መቺዎች በሙሉ፣ ጎበዙም ደካማውም ተደምሮ፣ አማካያቸው .303 ደርሶ ነበር። እንግዲህ የ1930 ተራ ተጫዋች ከያስትረምስኪ ይበልጣል? በፍጹም።

1968 ኳሱን ለመቺው የሚወረውሩት የወርዋሪዎች ዓመት ነበር። ወርዋሪው ቦብ ጊብሰን በ9 ኢኒንግ (በአንድ ሙሉ ጨዋታ) በአማካይ የተቆጠረበት 1.12 ነጥብ ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ በቀጣዩ ዓመት ወርዋሪው የሚቆምበት ጉብታ ከ38 ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ተደረገ። መቺዎችም ትንፋሽ አገኙ።

ስለዚህ ተጫዋቹ የሚመዘነው አብረውት ከተጫወቱት ጋር ነው። የሊጉ አማካይ 100 ይባላል፤ ከዚያ በላይ ያለው ብልጫ ነው። ስታዲየሙም ይታሰባል። ዴንቨር 1600 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፣ ኳስ ርቆ ይበራል። አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ደግሞ ይብስ ነበር።

ሌላው ወርዋሪ ፔድሮ ማርቲኔዝ በ2000 የተቆጠረበት በአማካይ 1.74 ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ጊብሰን ይሻላል። ነገር ግን የፔድሮ ሊግ አማካይ 4.9 ገደማ፣ የጊብሰን 3 ገደማ ነበር። ስታዲየሙም ታስቦ ሲሰላ፣ ከ100 አንጻር ፔድሮ 291፣ ጊብሰን 258 ያገኛሉ። ለእኔ ከፔድሮ ዓመት ጋር የሚስተካከለው የመቺው የቤብ ሩት 1920 ብቻ ነው። 54 ሆም ረን (ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያርፍ ምት) መታ። ከራሱ ቡድን ከያንኪስ በቀር በአሜሪካን ሊግ ያን ያህል የመታ ቡድን አልነበረም። ተጫዋች ሳይሆን ቡድን!

ይህ ስሌት ግን የማይደርስበት ቦታ አለ። ሩት በዘመኑ ጥቁር ተጫዋቾችን በሊጉ አልገጠመም፤ ተከልክለው ነበር። እነሱ በራሳቸው ሊጎች ይጫወቱ ነበር፤ የውድድር ዘመኑ አጭር፣ መዝገቡም የተበታተነ ነበር። በ2024 የእነዚያ ሊጎች ቁጥር ከዋናው መዝገብ ጋር ሲቀላቀል፣ የእነዚያ ሊጎች መቺ ጆሽ ጊብሰን በ.372 የምንጊዜም የመምታት አማካይ መሪ ሆነ፤ የቀድሞውን መሪ የታይ ኮብን .367 አለፈ። ጆሽ ይህን አላየም። በጥር 1947 በ35 ዓመቱ አረፈ። ጃኪ ሮቢንሰን ለጥቁር ተጫዋቾች የዋናውን ሊግ በር የከፈተው ከ3 ወር በኋላ ነው።