ክራከን፦ በምድር ላይ ያልነበረ የባሕር አውሬ ሥነ ሕይወት

ክራከን የኖርዌይ ጠረፍ ዓሣ አጥማጆች ሲያወሩለት የኖሩ ግዙፍ የባሕር አውሬ ነው። እንዲህ ያለ እንስሳ የለም። ሆኖም አካሉን፣ አመጋገቡንና ልማዱን በዝርዝር የጻፉለት ሰው አሉ፤ የበርገን ጳጳስ የነበሩት ኤሪክ ፖንቶፒዳን። እ.ኤ.አ. በ1752 እና በ1753 በሁለት ቅጽ ባሳተሙት የኖርዌይ የተፈጥሮ ታሪክ ውስጥ ክራከንን ከሌሎቹ የአገሪቱ እንስሳት ጋር መዝግበውታል።

በጳጳሱ ገለጻ የአውሬው ጀርባ ዙሪያው ብቻ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ወደ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ተበታትነው የሚታዩ ትናንሽ ደሴቶችን ይመስላል፤ ቀጥሎ የመርከብ ምሰሶ የሚያህሉ ክንዶች ይነሣሉ። ለጥቂት ወራት ሲበላ ይከርምና በቀጣዮቹ ወራት የበላውን ያስወጣል። ያን ጊዜ ውሃው ይደፈርሳል፤ በጠረኑና በጣዕሙ ተስበው የሚመጡትን ዓሦች ይውጣቸዋል፤ እነሱም በተራቸው ለሚቀጥሉት መሳቢያ ይሆናሉ። የፖንቶፒዳን ክራከን መርከብ አሳዶ የሚሰብር አይደለም። አደጋው ወደ ታች ሲሰምጥ በሚፈጥረው አዙሪት ላይ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ስለ ዓሣ አጥማጆቹ የጻፉት ነው። በሞቃት የበጋ ቀን ከዳርቻው ርቀው ቀዝፈው ገመድ ሲጥሉ፣ 150 ሜትር እና ከዚያ በላይ ይጠልቃል ብለው በሚያውቁት ቦታ ገመዱ ገና በ50 ሜትር ገደማ መሬት ከነካ፣ ክራከን ከሥራቸው አለ ማለት ነው። ዓሣውም ከመቼውም በላይ ይትረፈረፋል። ጥልቀቱ እያነሰ ከሄደ ግን አውሬው እየወጣ ነውና ገመዳቸውን ሰብስበው ይሸሻሉ። ዓሣ ከፍ ባለ የባሕር ወለል ላይ እንደሚሰበሰብ ዛሬም የታወቀ ስለሆነ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ የአጥማጆቹ እውነተኛ የሙያ እውቀት ያለ ይመስለኛል። ጳጳሱ በ1680 በአልስታሃውግ አካባቢ አንድ ግልገል ክራከን በድንጋይና በዛፎች መካከል ተቀርቅሮ እንደሞተም ጽፈዋል።

ለአፈ ታሪኩ መነሻ ሆኗል ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እንስሳ ግዙፉ ስኩዊድ፣ ማለትም ለስላሳ አካልና ብዙ ክንዶች ያሉት የባሕር እንስሳ ነው። ዴንማርካዊው ጃፔቱስ ስቴንስትሩፕ በ1857 ማዕበል ከጣላቸው ቅሪቶች ተነሥቶ አርኪቴውቲስ ሲል ሳይንሳዊ ስም ሰጠው። በ1861 አሌክቶን የተባለች የፈረንሳይ የጦር መርከብ በተነሪፍ ደሴት አቅራቢያ አንዱን ለመጎተት ስትሞክር ገመዱ ሥጋውን ቆርጦት ከጅራቱ በኩል ቁራጭ ብቻ ተረፋት።

እውነተኛው እንስሳ ሁለቱን ረጃጅም ማደኛ ክንዶች ጨምሮ ወደ 12 ወይም 13 ሜትር ይደርሳል፤ የዋናው አካሉ ርዝመት ግን 2 ሜትር ገደማ ነው። ስምንቱ አጫጭር ክንዶች ያደነውን ወደ መንቁሩ ያቀርባሉ። ሦስት ልብ አለው፤ ደሙ መዳብ ስላለበት ሰማያዊ ነው። የምግብ ቧንቧው ቀለበት በሚመስለው አንጎሉ መሐል ስለሚያልፍ ምግቡን በደንብ ሳይቆራርጥ መዋጥ አይችልም። ዓይኑ እስከ 27 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ከእግር ኳስ ይበልጣል። በሥጋው ውስጥ ያለው የአሞኒየም ጨው ከባሕር ውሃ ስለሚቀል ብዙ ጉልበት ሳያወጣ እንዲንሳፈፍ ያደርገዋል። ዋነኛ ጠላቱ ስፐርም ዌል የተባለው ዓሣ ነባሪ ሲሆን፣ የማይፈጩ መንቁሮቹ በዚህ ነባሪ ሆድ ውስጥ ተከማችተው ይገኛሉ።

ስለዚህ ጳጳሱ የተሳሳቱት በመጠኑ ብቻ አይደለም። ግዙፉ ስኩዊድ የጥልቅ ባሕር ነዋሪ ነው፤ ላይ ላዩን የታየ እንደሆነ ብዙውን ጊዜ የታመመ ወይም የሚሞት ነው። በሕይወት ሳለ በመኖሪያው ፎቶ የተነሣው ገና በ2004 ነው። ጃፓናውያኑ ፁነሚ ኩቦደራና ክዮይቺ ሞሪ በኦጋሳዋራ ደሴቶች አጠገብ 900 ሜትር ጥልቀት ላይ ማጥመጃ ያለው ካሜራ አወረዱ፤ እንስሳው መንጠቆው ላይ ከአራት ሰዓት በላይ ታግሎ 5 ሜትር ተኩል የሚሆን ክንዱን ቆርጦ አመለጠ። በ2013 የወጣ የዘረመል ጥናት ደግሞ ከተለያዩ ውቅያኖሶች የተሰበሰቡ ናሙናዎችን አነጻጽሮ፣ በዓለም ዙሪያ ያለው ግዙፍ ስኩዊድ አንድ ዝርያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሷል።