የቁማር ማንጋ ምንድን ነው? ቤቲንግ በሥዕል አይደለም

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ «የቁማር ማንጋ ማለት ያው ቤቲንግ በሥዕል ነው፤ ወጣቱን ዕድል ጠባቂ ያደርገዋል» ሲል ሰማሁ። ይህን አባባል ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። ቀን ቀን ፕሮባቢሊቲ አስተምራለሁ። ማታ ፈተና ማረም ሲሰለቸኝ ደግሞ ማንጋ፣ ማለትም የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ፣ አነባለሁ። ስለዚህ ነገሩ በሁለት በኩል ነካኝ።

ቤቲንግ ላይ አንተ ትኬትህን ይዘህ ትቀመጣለህ፤ ኳሱን የሚመታው ሌላ ሰው ነው። የቁማር ማንጋ ውስጥ ግን ተቀምጦ ዕድሉን የሚጠብቅ ሰው መጀመሪያ ይሸነፋል። ደራሲው እሱን የሚያስገባው እንዲሸነፍ ነው።

ካይጂ የተባለውን ማንጋ እንውሰድ። ኖቡዩኪ ፉኩሞቶ የጀመረው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው፤ የጃፓን ኢኮኖሚ ከተንኮታኮተ ጥቂት ዓመታት በኋላ። ባለታሪኩ ካይጂ ለሚያውቀው ሰው ዋስ ሆኖ ፈርሞ ነበር። 300,000 የን የነበረው ብድር ወለድ በወለድ ላይ ተቆልሎ 3,850,000 ሆኖ እሱ ላይ ይወድቃል። ዕዳውን ለማራገፍ አንድ መርከብ ላይ ይወጣል። እዚያ የሚጫወቱት ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ ነው። የልጆች ጨዋታ!

ግን ለእያንዳንዱ ሰው 12 ካርድ ብቻ ይሰጠዋል፤ ከየዓይነቱ አራት አራት። የተጣለ ካርድ አይመለስም። የተሸነፈ ካሉት ሦስት ኮከቦች አንዱን ያስረክባል። መርከቡ ላይ ስንት ድንጋይ፣ ስንት ወረቀት፣ ስንት መቀስ እንደቀረ ሰሌዳ ላይ ይታያል። እንግዲህ ዕድሉ የት አለ? ካርዱ ሲገደብ ጨዋታው ገበያ ይሆናል። መቀስ መግዛት ይቻላል፤ ማከማቸት ይቻላል፤ ከሰው ጋር ተሻርኮ መክዳትም ይቻላል። (በነገራችን ላይ መርከቡ ላይ የሚሰጠው ብድር ወለዱ በየ10 ደቂቃው 1.5 በመቶ ነው። በ4 ሰዓት 36 በመቶ ይሆናል የሚለኝ ተማሪ አይጠፋም። አይሆንም። ወለዱ ራሱ ስለሚወልድ 43 ገደማ ይደርሳል።)

የድሮውን ሙግት አስቡት። በላ ልበልሃን። ተሟጋቹ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ክርክሩን ሲያወርድ ቆይቶ ድንገት በቅሎ ይወራረዳል። ተመልካቹ ያኔ ጆሮውን ያቆማል። ሕጉ ያው ነው፤ ምስክሩም ያው። አሁን ግን አንዲት ቃል ካመለጠች በቅሎ ይዛ ትሄዳለች። ሰዉ የቆመው በቅሎዋ የማን እንደምትሆን ለማየት ብቻ አይደለም። ተጠያቂው ገና ጠዋት በተናገራት ቃል ከሰዓት ሲታሰር ለማየት ነው። በማንጋውም የሚወራረዱበት ገንዘብ፣ ጣት፣ ጆሮ ሁሉ በቅሎ ነው። በቅሎዋ ባትኖር የድንጋይና የወረቀት ስሌት ቁጭ ብሎ የሚሰማ አይገኝም፤ ከክፍሌ አውቀዋለሁ።

ምሳሌውን ትንሽ ልለጥጠው። ውርርዱ የሚገባው ለረቺው ሳይሆን ለዳኛው ነበር። መርከቡም ላይ ማን ማንን ይርታ፣ ወለዱ የሚገባው ለአበዳሪው ነው። ልዩነቱ፣ ማንጋው ውስጥ ጨዋታውን የሚያጫውተው ወገን ራሱ ያጭበረብራል። «የኛስ ዳኛ?» የምትሉ ካላችሁ፣ እኔ የሂሳብ መምህር ነኝ።

ካይጂ ውስጥ ወዳለው ሌላ የካርድ ጨዋታ፣ ወደ ኢ-ካርድ፣ ልለፍ፤ እኔ የምወደው እሱን ነው። አንዱ ተጫዋች ንጉሠ ነገሥትና አራት ዜጋ ይይዛል። ሌላው ባሪያና አራት ዜጋ። ንጉሡ ዜጋን ይረታል፤ ዜጋ ባሪያን ይረታል። የሚያጣው ነገር የሌለው ባሪያ ደግሞ ንጉሡን ይረታል። ሁለቱም በዘፈቀደ ቢጥሉ ባሪያው የሚያሸንፈው ከአምስት አንዴ ነው። የሚከፈለው ግን አምስት እጥፍ ነው፤ ለንጉሡ ወገን በሚሊ ሜትር 100,000 የን፣ ለባሪያው 500,000። «እንግዲያ ባሪያ መሆን ያዋጣል» እንዳትሉኝ። ሚሊ ሜትሩ የጆሮ ነው። ካይጂ ጆሮው ላይ መሣሪያ ተገጥሞለታል፤ በተሸነፈ ቁጥር መርፌው ወደ ታምቡሩ ይጠጋል። የንና ታምቡር በአንድ መለኪያ አይደመሩም። አማካይ ውጤት ደግሞ የሚጠቅመው ደጋግሞ መጫወት ለሚችል ሰው ነው። ጆሮ ሁለት ብቻ ነው።

የቁማር ማንጋ ሌላው ውበት ጊዜን መለጠጡ ነው። አካጊ በተባለው የፉኩሞቶ ሌላ ማንጋ ውስጥ የአንድ ሌሊት የማህጆንግ (የቻይና የጠጠር ጨዋታ) ግጥሚያ በተከታታይ ይወጣበት በነበረው መጽሔት ላይ 20 ዓመት ገደማ ፈጅቷል። እዚህ ላይ ደራሲው አበዛው፤ እኔም መሃል ላይ አቋርጬ ነበር።

ተንታኙ ያየው ካኬጉሩይን ብቻ ከሆነ ግን ትንሽ አልፈርድበትም። በ2014 እ.ኤ.አ. የጀመረው ይህ ማንጋ በአደጋው ስካር ራሱ ይደሰታል፤ ባለታሪኳ ዩሜኮ የምትጫወተው ለመርታት ብቻ አይደለም። እሷም ብትሆን ታዲያ የመጀመሪያ ተጋጣሚዋ እንዴት እንደምታጭበረብር የደረሰችበት አስተውላ እንጂ ሎተሪ ወጥቶላት አይደለም።

«በዘፈቀደ ቢጥሉ» ያልኩት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው በዘፈቀደ መጣል አይችልም። ባለፈው ሴሚስተር ተማሪዎቼን ኢ-ካርድ አጫወትኳቸው፤ በጆሮ ሳይሆን በከረሜላ። ባሪያውን የያዙት በመጀመሪያው ዙር ሊጥሉት አልደፈሩም። ንጉሡን የያዙት ይህን ለመንቃት ሁለት ጨዋታ አልፈጀባቸውም። ከዚያ ወዲያ ንጉሡ በመጀመሪያው ዙር ይወጣ ጀመር፤ ከረሜላውም ወደ አንድ ወገን ተጠራቀመ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ይህን አይታ ባሪያዋን መጀመሪያ ጣለች። ክፍሉ ጮኸ። አምስት ከረሜላ ከፈልኳት።