ካምፐር የሚጎትት ብስክሌት፦ የሚወራውና መንገዱ የሚያሳየው

ከብስክሌት ኋላ የምትጎተት፣ አንድ ሰው ወይም ሁለት የምታስተኛ፣ ካምፐር የምትባል ትንሽ ቤት አለች። በስም ከሚታወቁት አንዷ ዴንማርክ ውስጥ የተሠራችው ዋይድ ፓዝ ካምፐር ናት። ክብደቷ 40 ኪሎ ገደማ ነው፤ ለጉዞ ስትታጠፍ 1 ሜትር ከ30 ያህል ትረዝማለች፣ ለመኝታ ስትዘረጋ እጥፍ ትሆናለች። በቪዲዮ ያያት ሰው ወይ «ይቺ መጫወቻ ናት» ብሎ ይተዋታል፣ ወይ በነጋታው አውሮፓን ሊያካልልባት ይነሳል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

የምኖረው ኔዘርላንድስ ነው። ባለፈው ግንቦት፣ እትዬ የምላቸው ጎረቤቴ ባለቤታቸው ከቀጭን ጣውላ የሠሩላቸውን ካምፐር አውሰውኝ በአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ፣ በዜላንድ የባሕር ዳርቻ ስጎትታት ሰነበትኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ እሷ ሲያወራ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ የሚሳሳተው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ነውና።

«ክብደቷ ነው የሚገድለው»

ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ኪሎዋን ነው። እስቲ አብረን እናስላው። ነጂው 75 ኪሎ፣ ብስክሌቱ 15፣ ካምፐሯ 45፣ በውስጧ ያለው ጓዝ 15 ቢሆን ድምሩ 150 ኪሎ ነው። ጎማው በደንብ ከተነፋና አስፋልቱ ለስላሳ ከሆነ፣ በሜዳ ላይ ይህን ሁሉ ለማንከባለል የሚያስፈልገው ኃይል አንድ ሊትር ከሩብ የማይሞላ ውሃ አንጠልጥሎ ከመያዝ አይበልጥም። ሰው አይቶ የሚፈራው ክብደት፣ ሜዳ ላይ ጎማው ከተንከባለለ በኋላ ከቁጥር አይገባም።

ዳገት ላይ ነገሩ ይለወጣል። በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር የሚያስወጣ መንገድ አስቡ። ልምድ ያለው ሰው ለረጅም ጊዜ ሊያወጣ የሚችለውን 120 ዋት ይዞ ቢገፋ፣ ካምፐር ከሌለው ቀላል ጓዝ ጭኖ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል። ካምፐሯን አስሮ ግን 5 ኪሎ ሜትር፤ የእግረኛ ፍጥነት ማለት ነው። በዚያ ፍጥነት መሪው ይዋልላል፣ ቀጥ ብሎ መሄድ ራሱ ሥራ ይሆናል። ወርዶ መግፋትም እረፍት አይደለም፤ ብስክሌቱን በጎን ይዞ 60 ኪሎ ወደ ላይ መሳብ ከመንዳት ይብሳል። እንዲህ ያለች ቤት ዴንማርክ ውስጥ መሠራቷ አልገረመኝም። የአገሪቱ ከፍተኛ የተፈጥሮ ቦታ፣ ሞሌሆይ የሚባለው፣ ቁመቱ 171 ሜትር አይሞላም።

«እንግዲያው ሜዳ አገር ከሆነ ቀላል ነው»

ይህንን እኔም አምኜ ነበር።

ከሚድልበርግ ተነሥቼ በቬሬ በኩል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስሄድ ነፋሱ ከኋላዬ ነበር። በዚያ አገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነፍሰው ከደቡብ ምዕራብ ነው። ካምፐሯ እንደ ሸራ ነፋሱን ተቀብላ ትገፋኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጉልበቴ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነዳሁ። ከዚያ ወደ ኦስተርስኼልደ ደረስኩ። ይህ ከ1953ቱ ታላቅ ጎርፍ በኋላ ባሕሩ ተመልሶ እንዳይገባ የተሠራ፣ በ1986 የተመረቀ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ 9 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ግድብ ነው። በላዩ የብስክሌት መንገድ አለው። ግራና ቀኙ ውሃ ነው፤ ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፣ የሚከልል ነገር የለም። ያንን ሁሉ እየፎከርኩ ተሻገርኩ።

ስመለስ የሆነውን ላስረዳ። ቀን መርጬ ነበር ማለት አልችልም፤ ትንበያው ነፋሱ፣ ከ0 እስከ 12 በሚቆጥረው የነፋስ መለኪያ፣ 5 ደረጃ ይደርሳል ብሎ ነበር፣ እኔ ዝናቡን ብቻ ነው ያየሁት። የነፋስ ተቃውሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ካምፐሯ ደግሞ ከነጂው ጀርባ ሌላ ግድግዳ ናት፤ ነጂው ነፋሱን በሙሉ አይከልልላትም። በዜሮ ነፋስ 15 ኪሎ ሜትር የሚያስነዳኝ ጉልበት ያን ቀን በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር አልሞላልኝም። 9 ኪሎ ሜትሩ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ፈጀ። ዳገት መጨረሻ አለው፤ ጫፉ ይታያል፣ ከዚያ ቁልቁለት ይከፍላል። ነፋስ ጫፍ የለውም፤ የከፈሉትንም አይመልስም።

የአገሩ ሰዎች ይህን ያውቃሉ። እዚያው ግድብ ላይ ከ2013 ጀምሮ በነፋስ ፊት ለፊት የሚደረግ የብስክሌት ውድድር አላቸው፤ ርቀቱ 8.5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ብስክሌቱ ማርሽ የሌለው ተራ ብስክሌት ነው፣ ቀኑም የሚቆረጠው ኃይለኛ ነፋስ ሲተነበይ ነው። ውድድሩን ከልብ ነው የሚያከብሩት፤ ሜዳ አገር ላይ ተራራው ነፋስ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው።

የጎን ነፋስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ቀላልና ረጅም ሣጥን ከግድግዳ ጥግ ወይም ከዛፍ መደዳ ሲወጣ ድንገት ወደ ጎን ይመታል። ጓዙን ወለሉ ላይ፣ ዝቅ አድርጎ መጫን ይረዳል፤ ባዶዋን መጎተት ግን ከተጫነችው ይልቅ ያሰጋል።

«ኤሌክትሪክ ብስክሌት ካለ አለቀ»

ዳገቱን ያቀልላል፤ ጉልበት ለደከመው ሰው ትልቅ ነገር ነው። አላለቀም ግን። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ያለ ታርጋ የሚነዳው ኤሌክትሪክ ብስክሌት ሞተሩ 250 ዋት ነው፣ ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ሲፈጥን ድጋፉን ያቆማል። ካምፐር የሚጎትት ሰው ደግሞ 25 አይደርስም፤ ስለዚህ ሞተሩ አንድም ጊዜ አያርፍም። 500 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ሁለት ሰዓት ያህል ነው የሚቆየው፤ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ 24 ኪሎ ሜትር። ካታሎጉ ላይ ያለው ርቀት ለባዶ ብስክሌት የተለካ ነው። ማታ የምታድሩበት ቦታ ሶኬት እንዳለው ቀድማችሁ ጠይቁ።

«መጎተት ከቻልኩ ማቆም አያቅተኝም»

እባካችሁ እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

150 ኪሎ የሚመዝን ነገር 100 ሜትር ከፍታ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ሙቀት ግማሽ ሊትር የማይሞላ ቀዝቃዛ ውሃ እስኪፈላ የሚያደርስ ነው። አንድ ጀበና ማለት ነው። ይህ ሁሉ በሁለት ትንንሽ ፍሬኖች ላይ ነው የሚያርፈው። በሜዳ አገር የድልድይ መውረጃ ቢሆን ችግር የለም። የዓባይን በረሃ የሚያውቅ ሰው ግን ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ መውረዱን ያስብ፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ከአራት ሊትር በላይ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት በብስክሌት ፍሬን! የጭነት መኪና ሹፌሮች እዚያ በከባድ ማርሽ የሚወርዱት ለዚህ ነው፤ ብስክሌት ደግሞ በማርሽ ፍጥነቱን መግታት አይችልም። እንዲህ ላለ መንገድ የተሠራች የብስክሌት ካምፐር አላውቅም። በአገራችን ልትሞክሯት ካሰባችሁ የሐይቅ ዳር ሜዳ ፈልጉ።

ሌላው ግፊቱ ነው። ድንገት ፍሬን ስትይዙ ካምፐሯ አትቆምም፤ የኋላ ጎማችሁን ወደ ፊት ትገፋለች፣ ኩርባ ላይ ከሆናችሁ ወደ ጎን። በጀርመን በ1999 የወጣው መመሪያ የራሱ ፍሬን ለሌለው የብስክሌት ተጎታች ጠቅላላ ክብደት 40 ኪሎ፣ ሲገፋ ራሱን የሚይዝ ፍሬን ላለው ደግሞ 80 ኪሎ ብሎ ይመክራል። ልብ በሉ፣ አብዛኛዎቹ ካምፐሮች ገና ባዶአቸውን 40 ይደርሳሉ። ስለዚህ ካምፐር የሚገዛ ሰው ስለ ፍራሹ ከመጠየቁ በፊት ስለ ፍሬኗ ይጠይቅ።

ጓዙ ሲጫንም ከጎማዎቿ ትንሽ ወደ ፊት ያድላ። ወደ ኋላ ካደላ ካምፐሯን ከብስክሌቱ የሚያያይዘው ጋንቾ ብስክሌቱን ወደ ላይ ያነሣል፤ የብስክሌቱ ኋላ ጎማ መሬት የመያዝ ኃይሉን ያጣል፣ ፍጥነት ሲጨመርም ካምፐሯ እንደ ጅራት ትወዛወዛለች። የብስክሌታችሁን መመሪያም እዩት፤ አንዳንዱ አምራች ተጎታች ማሰር ጨርሶ ይከለክላል።

«በብስክሌት መንገድ ብቻ ነው የምትሄደው»

በኔዘርላንድስ ሕግ ከነተጎታቹ ከ75 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ብስክሌት በመኪና መንገድ እንዲሄድ ተፈቅዶለታል። በብስክሌት መንገድ መሄድም ይችላል፤ ችግሩ መንገዱ መካከል የተተከሉት የመኪና መከልከያ ምሰሶዎች ናቸው። ከመነሣታችሁ በፊት ስፋቷን ለክታችሁ መሪው ላይ ጻፉት። ደክሞኝ በባቡር እመለሳለሁ ማለት ደግሞ አይቻልም፤ የባቡሩ የብስክሌት ቦታ ለተራ ብስክሌት ነው።

«ቤቴን ይዤ የትም አድራለሁ»

አታድሩም። በኔዘርላንድስ ከካምፒንግ፣ ማለትም ለድንኳንና ለተጎታች ቤት ማደሪያ ከተዘጋጀ ቦታ፣ ውጭ ማደር በአብዛኛው ክልክል ነው። ዴንማርክ በተወሰኑ የመንግሥት ደኖች ውስጥ ለአንድ ሌሊት በነፃ ማደር ይፈቅዳል፤ የፈቀደው ግን ለትንንሽ ድንኳን ነው፣ ጎማ ያለው ሣጥን ድንኳን አይደለም። ስለዚህ የቀኑ ጉዞ የሚለካው በጉልበት ብቻ ሳይሆን በሁለት ካምፒንጎች መካከል ባለው ርቀት ነው። ለእኔ በቀን ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር፣ ነፋስ በሌለበት፣ በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

«ከድንኳን ይሞቃል፣ ምግብም እዚያው ውስጥ ይሠራል»

ሙቀቱ እውነት ነው፤ ከመሬት ከፍ ብሎ መተኛት ብቻውን ብዙ ነገር ይለውጣል። ግን የሰው ትንፋሽ ውሃ አለው። ጠባብ ሣጥን ውስጥ መስኮት ዘግቶ ያደረ ሰው ጠዋት ግድግዳው ላይ ጠብታ ያገኛል፣ ብርድ ልብሱም ይረጥባል። መስኮቱ ትንሽ ክፍት ይደር።

ምግብ ማብሰልን በተመለከተ ግን ልመናዬ ነው፦ ውስጡ እሳት አታንዱ። ጋዝም ይሁን ከሰል፣ «ለአምስት ደቂቃ ብቻ» ቢሆንም። በተዘጋ ክፍል ከሰል አስገብተው ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎችን ታሪክ ያልሰማ አበሻ የለም። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ብቻ ነው የሚመስለው። የካምፐር ውስጥ ደግሞ ከጓዳም ከመኝታ ቤትም እጅግ ያነሰች ክፍል ናት፤ አየሯ በፍጥነት ይመረዛል። ምድጃው ውጭ፣ ከበሯ ራቅ ብሎ።

«የጉልበተኛ ወጣቶች ነገር ነው»

ጉልበተኛ ወጣት ሁለት ኪሎ ድንኳን ጭኖ በቀን 100 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ካምፐር አያስፈልገውም። ያወሱኝ እትዬ ስልሳዎቹን ያጋመሱ ናቸው፣ ወገባቸው ያማቸዋል። መሬት ላይ ተኝተው ጠዋት መነሣት ካቃታቸው ቆይቷል። ጎንበስ ብሎ ድንኳን ውስጥ መግባት ለእሳቸው ሥቃይ ነው፤ በካምፐሯ በር ግን ቁጭ ብለው እግራቸውን አጥፈው ይገባሉ። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ሳምንት ያህል ይወጣሉ፣ በቀን 20 ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዴ 12። ኤሌክትሪክ ብስክሌት አላቸው፣ የሄዱበት ሁሉ ሜዳ ነው።

ካምፐሯን ስመልስላቸው የግድቡን ነገር ነገርኳቸው። ስልካቸውን አውጥተው የነፋስ ትንበያ የሚያዩበትን ገጽ አሳዩኝ። ማታ ማታ ከመተኛታቸው በፊት ያዩታል። ከ4 ደረጃ በላይ ካለ በነጋታው ከካምፒንጉ አይነቃነቁም፤ ከሰሉን ከበሯ ሦስት እርምጃ ርቀው ያያይዙና ቡና ሲያፈሉ ይውላሉ።