ሚራ ናይር፦ ከዘጋቢ ፊልም የተነሣች ዳይሬክተር

ሚራ ናይር ሕንዳዊት የፊልም ዳይሬክተርና ፕሮዲዩሰር ናት። ሥራዋ በተወለደችባት ሕንድ፣ በተማረችባት አሜሪካና ጎጆ በቀለሰችባት ኡጋንዳ ላይ የተዘረጋ ነው። ብዙ ተመልካች የሚያውቃት በሠርግና በስደተኛ ቤተሰብ ታሪኮቿ ቢሆንም፣ ሙያውን የጀመረችው በዘጋቢ ፊልም ነው፤ ይህን ሳያስተውሉ የኋለኞቹን ፊልሞቿን አሠራር መረዳት ያስቸግራል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደችው በ1957 በምሥራቅ ሕንድ፣ በኦዲሻ ግዛት፣ ሩርኬላ በምትባል ከተማ ነው። አባቷ የመንግሥት ሹም፣ እናቷ ደግሞ በማኅበራዊ አገልግሎት የተሠማሩ ነበሩ። በግዛቲቱ ዋና ከተማ በቡባነሽዋር አድጋ፣ ሺምላ በሚገኝ የካቶሊክ መነኮሳት ትምህርት ቤት ተምራ፣ በዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው በሚራንዳ ሃውስ ኮሌጅ ሶሲዮሎጂ ማጥናት ጀመረች። በዚያን ጊዜ ልቧን የሳበው ፊልም ሳይሆን ቴአትር፣ በተለይም በአደባባይ ለመንገደኛ የሚታየው የተቃውሞ ቴአትር ነበር። በ1976 የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝታ ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ስትሄድም ሐሳቧ ተዋናይ መሆን ነበር፤ እዚያ ያገኘችው ቴአትር ግን አላረካትምና ፊቷን ወደ ዘጋቢ ፊልም አዞረች።

የመመረቂያ ሥራዋ በ1979 የተጠናቀቀ፣ በአሮጌው ዴልሂ በጃማ መስጊድ ዙሪያ ያለውን የሰፈር ኑሮ የሚያሳይ አጭር ፊልም ነው። ከዚያ በኋላ በኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ጋዜጣ የሚሸጥን ሕንዳዊና በአህመዳባድ ከዘመዶቹ ዘንድ ሆና የምትጠብቀውን ሚስቱን ተከተለች። በ1985 የወጣው «ኢንዲያ ካባሬ» በቦምቤይ (በዛሬዋ ሙምባይ) የምሽት ክበብ እየጨፈሩ የሚተዳደሩ ሴቶችን የሚመለከት ሲሆን፣ ሴቶቹን «ነውረኛ» ብሎ የሚንቀው ማኅበረሰብ ክበቡን በሚያዘወትሩት ወንዶች ላይ ለምን ዝም እንደሚል ይጠይቃል። ሚራ ከሴቶቹ ጋር እየዋለች እምነታቸውን ስላገኘች፣ ፊልሙ ከሩቅ ሆኖ የሚፈርድ አይደለም።

ዓለም ያወቃት በ1988 በወጣው የመጀመሪያ ልቦለድ ፊልሟ በ«ሰላም ቦምቤይ» ነው። የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጀችው የሃርቫርድ ጓደኛዋ ሱኒ ታራፖረቫላ ናት። ርእሱን የአማርኛ ተናጋሪ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል፤ ለከተማዋ የቀረበ ሰላምታ ነው። ታሪኩ የወንድሙን ሞተር ብስክሌት በማበላሸቱ 500 ሩፒ እስኪያመጣ ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ስለተነገረው ልጅ ነው። ልጁ ቦምቤይ ገብቶ በሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር ሻይ እያመላለሰ ሳንቲም ያጠራቅማል። ሚራ በትወና የሠለጠኑ ልጆችን ከመፈለግ ይልቅ የጎዳና ልጆችን ሰብስባ፣ ካሜራ ከመነሣቱ በፊት በተከታታይ የልምምድ ዐውደ ጥናት አሳልፋ፣ ቀረጻውንም በእውነተኞቹ መንገዶች ላይ አካሄደች። ልጆቹ የራሳቸውን አነጋገርና የራሳቸውን ሐዘን ይዘው ስለገቡ፣ ፊልሙን ያየ ሰው የሻይ ብርጭቆዎቹን የተሸከመውን ልጅ ፊት በቀላሉ አይረሳም። ፊልሙ በካን ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ሥራ የሚሰጠውን «ካሜራ ዶር» የተባለ ሽልማት አገኘ፤ ለኦስካርም በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ በመታጨት ከ«ማዘር ኢንዲያ» ቀጥሎ ሁለተኛው የሕንድ ፊልም ሆነ። ለእኔ ግን ከሽልማቶቹ የሚበልጠው፣ ከፊልሙ በኋላ ለጎዳና ልጆች መጠለያና ትምህርት የሚሰጥ «ሰላም ባላክ» የተባለ ድርጅት መቋቋሙና እናቷ ፕራቪን ናይር ለረጅም ዘመን በኃላፊነት መምራታቸው ነው።

በ1991 የወጣው «ሚሲሲፒ ማሳላ» በ1972 የኡጋንዳ ገዥ በነበረው በኢዲ አሚን ትእዛዝ በ90 ቀናት ውስጥ ከኡጋንዳ ስለተባረሩት እስያውያን ይናገራል። ከተባረሩት አንዱ ቤተሰብ በአሜሪካ ደቡብ ይሰፍራል፤ ሴት ልጃቸው ዴንዘል ዋሽንግተን የተወነውን ጥቁር አሜሪካዊ ስትወድ፣ አባቷ ከጥቁሮች አገር በመባረሩ የያዘው ቁስል ይቀሰቀሳል። ሚራ ለዚህ ፊልም ጥናት ስታደርግ ኡጋንዳዊውን የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ማህሙድ ማምዳኒን አወቀች፤ ተጋብተውም በካምፓላ ኖሩ። በ2025 የኒው ዮርክ ከንቲባ ሆኖ የተመረጠው ዞህራን ማምዳኒ ልጃቸው ነው።

ቀጥለው የመጡት ዓመታት ውጤታቸው የተለያየ ነው። በ1996 የወጣው «ካማ ሱትራ» በሕንድ ከሳንሱር ጋር ረጅም ክርክር አስነሣ። በ1998 ለቴሌቪዥን የሠራችው «ማይ ኦውን ካንትሪ» ደግሞ ለኢትዮጵያ አንባቢ የተለየ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው፣ የሕክምና ትምህርቱንም በዚያው ጀምሮ አብዮቱ ያቋረጠበት ሐኪምና ደራሲ አብርሃም ቨርጌስ፣ በቴነሲ ግዛት ኤችአይቪ ያለባቸውን ሰዎች ሲያክም የገጠመውን በጻፈበት መጽሐፍ ላይ የተመሠረተ ነው።

«ሞንሱን ዌዲንግ» በ2001 ሲወጣ በቬኒስ ፌስቲቫል የወርቅ አንበሳውን ሽልማት ወሰደ፤ ከዚያ በፊት ይህን ሽልማት ያገኘ የሕንድ ፊልም በ1957 የተሸለመው የሳትያጂት ራይ «አፓራጂቶ» ብቻ ነበር። ቀረጻው የተጠናቀቀው በ30 ቀናት ገደማ ሲሆን፣ በእጅ የተያዘው ካሜራ በዴልሂ በአንድ ሠርግ ቤት ውስጥ ከዘመድ ወደ ዘመድ ይዘዋወራል። ከፊልሙ ከፊሉ በአውሮፕላን ማረፊያ የጨረር ፍተሻ ስለተበላሸ እንደገና መቀረጽ ግድ ሆነ። ከጭፈራውና ከማሪጎልድ አበባው በስተጀርባ በቤተሰቡ ተከባሪ ዘመድ በልጅነቷ የተደፈረች ሴት ምስጢር አለ፤ አባወራው በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት ከሀብታሙ ዘመድና ከልጅቱ አንዱን መምረጥ አለበት። የቤተሰብ ክብር የሚባለው ነገር የሚፈተንበት ይህ ትዕይንት በእኔ አስተያየት ከሥራዎቿ ሁሉ የላቀው ነው።

ለሃሪ ፖተር ፊልሞች አምስተኛው ክፍል ዳይሬክተርነት ስትጠየቅ እምቢ ብላ፣ ወደ አሜሪካ ስለ ተሰደደ የሕንድ ቤተሰብ የሚናገረውን የጁምፓ ላሂሪን ልቦለድ «ዘ ኔምሴክ»ን በ2006 ሠራች። መጽሐፉን ያነበበችው አማቷን በሞት ባጣችበት ሰሞን ነበር፤ በባዕድ አገር ወላጅን የመቅበር ሐዘን በፊልሙ ውስጥ በግልጽ ይሰማል። አባትየውን የተወነው ኢርፋን ካን፣ በ«ሰላም ቦምቤይ» ላይ ደብዳቤ ጸሐፊ ሆኖ ለአፍታ የታየው ተዋናይ ነው። በ2009 ስለ አብራሪዋ አሜሊያ ኤርሃርት የሠራችው ፊልም ግን ይህን ያህል ሕይወት የለውም። በ2012 የሕንድ መንግሥት ፓድማ ቡሻን የተባለውን ከፍተኛ የክብር ሽልማት ሰጣት።

በ2004 በካምፓላ «ማኢሻ» የተባለ የፊልም ማሠልጠኛ መሠረተች፤ ስሙ በስዋሂሊ «ሕይወት» ማለት ነው። ከኡጋንዳ፣ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከሩዋንዳ የመጡ ወጣቶች የፊልም ጽሑፍና የዳይሬክተርነት ሥልጠና ያገኙበታል፤ መነሻ ሐሳቡም የራሳችንን ታሪክ ራሳችን ካልተናገርነው ማንም አይናገርልንም የሚል ነው። በ2016 ለዲዝኒ የሠራችው «ኩዊን ኦቭ ካትዌ» በካምፓላ ድሃ ሰፈር በካትዌ አድጋ የቼዝ ተወዳዳሪ ስለሆነችው ፊዮና ሙቴሲ ነው። ሉፒታ ኒዮንጎ እናቷን፣ ዴቪድ ኦዬሎዎ አሠልጣኟን ሮበርት ካቴንዴን ሆነው ሲተውኑ፣ ፊዮናን የተወነችው ማዲና ናልዋንጋ ግን ከካምፓላ የዳንስ ተማሪዎች መካከል የተገኘች ልጅ ናት። ከዚህ ፊልም በፊት ሚራ ካሜራዋን ይዛ ወደ ካቴንዴ ሄዳ ስለ ራሱ አጭር ዘጋቢ ፊልም ሠርታ ነበር።