የቤት ዋይፋይ እና የሞባይል ዳታ

መብራት ሲጠፋ የሁለቱ ልዩነት ወዲያው ይታያል። ሳሎን ያለው ራውተር ጭጭ ይላል፣ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል። ዳታ ሲበራ ግን ቴሌግራም እንደገና ይሠራል። ራውተሩ የሚሠራው በቤቱ መብራት ነው። ዳታ የሚመጣበት የስልክ ታወር ግን ብዙ ጊዜ ባትሪ ወይም ጄኔሬተር ስላለው ቶሎ አይጠፋም።

ዋይፋይ በራሱ ኢንተርኔት አይደለም። ከራውተሩ እስከ ስልኩ ድረስ ያለችውን ጥቂት ሜትር የሚያገናኝ ሬዲዮ ነው። ኢንተርኔቱን ቤት የሚያስገባው ከምሰሶ ተስቦ በግድግዳ ቀዳዳ የሚገባው ቀጭን የፋይበር ገመድ ወይም የመደበኛ ስልኩ ሽቦ ነው። ለዚህ ነው አንዳንዴ ዋይፋዩ ፉል እያሳየ ምንም የማይከፍተው። ያኔ ስልኩን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት ልፋት ነው። የፋይበሩ ሳጥን ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ችግሩ ያለው ገመዱ ጋ ነው።

ብዙ ራውተር በሁለት ዓይነት የሬዲዮ ሞገድ፣ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ፣ ይሠራል። የመጀመሪያው ግድግዳ አልፎ ጓዳ ይደርሳል። ሁለተኛው ይፈጥናል፣ ግን ብሎኬት ያደክመዋል። እናቶቻችን ራውተሩ ላይ የሚያለብሱት ዳንቴል ሞገዱን አያግደውም፤ ሙቀቱን ግን ያፍነዋል። ቢነሳለት ጥሩ ነው።

ዳታ ሲም ካርድ ይፈልጋል። ስልኩ በቀጥታ ከታወር ጋር ይገናኛል። ከመገናኛ ፒያሳ በታክሲ ሲኬድ አንዱ ታወር ለሌላው እያቀበለው ሳይቋረጥ ይሄዳል። አንድን ታወር ግን ብዙ ሰው ይጋራዋል። የደመራ ዕለት መስቀል አደባባይ ቆሞ ቪዲዮ ለመላክ የሞከረ ሰው ይህን ያውቀዋል። አዲስ አበባ 4ጂ ያገኘችው በ2007 ዓ.ም. ነው። ሳፋሪኮም ደግሞ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ከተማዋ ውስጥ ሥራ ጀመረ።

ክፍያቸውም ይለያያል። የቤት ፋይበር በአብዛኛው በፍጥነቱ ልክ በየወሩ ይከፈላል። ዳታ ግን ብዙ ጊዜ በጊጋ ይገዛል፣ ቀኑም ያልፍበታል።

ሰው የሚሸወደው ሆትስፖት ላይ ነው። ከጓደኛ ስልክ የመጣውን ዳታ ተቀባዩ ስልክ ዋይፋይ ብሎ ያነበዋል። አፕዴቱን ሁሉ ማውረድ ሊጀምር፣ ጥቅሉም በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል። አንድሮይድ ላይ የዋይፋዩን ስም ነክቶ በልክ የሚቆጠር (በእንግሊዝኛው metered) መሆኑን መምረጥ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም ብሎ አያወርድም።