የመካከለኛው ዘመን ጌም ታሪክ ስትጀምሩ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከጓደኞቻችሁ ጋር ጠረጴዛ ከባችሁ ሮል ፕሌይንግ ጌም ልትጫወቱ ነው እንበል። ሁሉም የየራሱን ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አንዱ ደግሞ ጨዋታውን ይመራል። መሪው አስቀድሞ መነሻ ሐሳብ ያስፈልገዋል። እነማን ናችሁ? የት ናችሁ? ዛሬ ምን ተፈጠረና ነው አርፋችሁ መቀመጥ ያልቻላችሁት? የእነዚህ ጥያቄዎች አጭር መልስ ነው መነሻ ሐሳቡ። ታሪኩ በመካከለኛው ዘመን ሲሆን ግን መልሱ ብዙ ጊዜ ከሌላ ጌም የተቀዳ ይሆናል፦ ግንብ፣ ሰይፍ፣ ዘንዶ፣ የተጠለፈች ልዕልት። ያሳዝናል፤ ዘመኑ ራሱ ከዚህ የተሻለ ታሪክ አለው። በእኔ እምነት ደግሞ ዋናው ምንጭ የዘመኑ ሕግና ልማድ ነው።

«መጀመሪያ ዓለሙን በሙሉ መፍጠር አለብኝ»

ካርታ፣ የአምስት መቶ ዓመት የነገሥታት ዝርዝር፣ የየአውራጃው ሃይማኖት... መጻፉ ደስ ይላል፤ ግን መነሻ ሐሳብ አይደለም። ተጫዋቾቹ ይህን ሁሉ ሰምተው «እሺ፣ አሁን ምን እናድርግ?» ይሏችኋል። ለመጀመሪያው ምሽት አንድ መንደር፣ አንድ ችግርና አንድ የጊዜ ገደብ ይበቃል።

«ጀግናው ባላባት ወይም ትንቢት የተነገረለት ሰው ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ አብዛኛው ሰው ገበሬ ነበር። ከገበሬዎቹም ብዙዎቹ ከመሬቱ ጋር የታሰሩ ገባሮች ነበሩ። ያለ ጌታቸው ፈቃድ ቀያቸውን ለቀው መሄድ አይችሉም። በእንግሊዝ ሴት ልጅ ለመዳር እንኳ ለጌታ ይከፈል ነበር። ግን አንድ ቀዳዳ ነበረች። በእንግሊዝም በጀርመን አገሮችም በብዙ ከተሞች፣ አምልጦ የገባ ገባር ጌታው መጥቶ ሳይጠይቀው አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ከኖረ ነፃ ሰው ይሆናል።

ይህን ደንብ ወደ ጨዋታ ለውጡት። አንዲት ወጣት አምልጣ ከተማ ገብታለች፤ ሸማኔ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ጊዜዋ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ዓመታዊው ገበያ ደረሰና የጌታዋ ንብረት አስተዳዳሪ ከተማዋ ውስጥ ማረፊያ ያዘ። ፊቷን ያውቃል። አንዱ ተጫዋች እሷን ይሁን። ሌላው ቀጣሪዋን ሸማኔ ይሁን፤ ሱፍ የሚገዛው ከዚያው ከአስተዳዳሪው ነው። ሦስተኛው የአስተዳዳሪው ጸሐፊ ነው፤ በልጅነቱ አብሯት አድጓል። ከሦስቱ ሰይፍ የያዘ የለም። ግን አንዳቸውም እጃቸውን አጣጥፈው ሊቀመጡ አይችሉም። ትንቢት የተነገረለት ጀግና ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም አስቀድመን እናውቃለን። እሷ ግን ነገ ጠዋት ገበያ ትውጣ ወይስ ትደበቅ? ብትደበቅስ ሸማኔው ምን ይላል?

«ዓለም ልትጠፋ ካልደረሰች ታሪኩ አይከብድም»

ክብደቱ የሚመጣው ተጫዋቹ የሚያውቀው ሰው ሊጎዳ ሲል ነው። ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1348 እንግሊዝ ገባ። ከሕዝቡ ሲሶ፣ ምናልባትም እስከ ግማሽ ያህሉን ጨረሰ። የተረፈው ሠራተኛ ጥቂት ስለሆነ ደመወዙ ናረ። መንግሥትም በ1349 በአዋጅ፣ በ1351 ደግሞ በሕግ፣ ማንም ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው ደመወዝ በላይ እንዳይጠይቅና እንዳይከፍል ከለከለ። እንግዲህ አስቡት። የመንደሩ እህል ደርሷል፤ የሚያጭደው ሰው ግን ግማሹ መቃብር ወርዷል። ጎረቤት ያለው ጌታ እጥፍ እከፍላለሁ ብሎ በድብቅ ልኳል። የሄደ ይቀጣል፤ የቀረ ይራባል። ተጫዋቾቹ እነዚሁ አጫጆች ናቸው። ዓለምን ማጥፋት ምን ያደርግላችኋል?

«አስማትና ዘንዶ ከሌለ ማን ይጫወታል?»

ልማዱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ከታተመው ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ከተባለው ሮል ፕሌይንግ ጌም ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ብዙው ጌም እሱን ተከተለ። ዘንዶ ከወደዳችሁ አስገቡ፤ ምንም ክፋት የለውም። ግዴታ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኪንግደም ከም፦ ዴሊቨራንስ የተባለው የኮምፒውተር ጌም መቼቱ የ1403 ቦሄሚያ ነው፤ የዛሬዋ ቼክ። ዋናው ገጸ ባሕርይ የአንጥረኛ ልጅ ነው። ዘንዶም እሳት የሚተፋ አስማተኛም የለበትም። ግን ከሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሸጧል።

«መካከለኛው ዘመን ማለት አውሮፓ ነው»

ይሄኛው በጣም ይቆጨኛል። ግሸንን ብዙዎቻችን የምናውቃት በመስከረም 21 ንግሥ ነው። ያው አምባ በዚያ ዘመን የነገሥታቱ ወንድ ዘር የሚጠበቅበት ቦታ ነበር። ወንድሞችና የወንድም ልጆች ዙፋን እንዳይናጠቁ እዚያ ላይ ይቀመጣሉ። ዙሪያው ገደል ነው፤ መውጫውን ዘብ ይጠብቀዋል። ንጉሥ ሲሞት ታዲያ ቀጣዩ ንጉሥ ከእስረኞቹ መካከል ሊመረጥ ይችላል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1434 የነገሡት ከዚያ አምባ ወርደው ነው።

ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ይመጣል? ንጉሡ ዘመቻ ላይ ሞቷል፤ ሞቱ ገና አልተነገረም። አንድ መልእክተኛ፣ አንድ ደብተራና አንድ የዘብ አለቃ አምባው ሥር ተገናኝተዋል። መልእክተኛው የአንዱን ልዑል ስም ይዟል። ደብተራው ሌላውን ልዑል ያስተማረ ነው። የዘብ አለቃው ደግሞ ለዓመታት ሁሉንም ሲያስርና ሲቆልፍ ኖሯል፤ ማንም ቢነግሥ ይፈራል።

ግንብ ፈልጋችሁ የፋሲልን ግንብ እዚህ ታሪክ ውስጥ አታስገቡ። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ለረጅም ጊዜ ቤተ መንግሥቱ ከቦታ ቦታ የሚጓዝ የድንኳን ከተማ ነበር። በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር በዝርዝር ጽፎታል። የሚንቀሳቀስ ቤተ መንግሥት ለጨዋታ ከግንብ ይሻላል እላለሁ። ዛሬ ድንኳናችሁ ለንጉሡ ቅርብ ነው፤ በሚቀጥለው ሰፈር ዳር ብትጣሉ ሰው ሁሉ ያየዋል።

«እያንዳንዱ ዝርዝር እንደ ታሪክ መጽሐፍ ትክክል መሆን አለበት»

ድንች፣ ቲማቲምና በርበሬ ከአሜሪካ የወጡት ከ1492 በኋላ ነው። ስለዚህ በለንደን መጠጥ ቤት ድንች፣ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ድንኳን ቀይ ወጥ ማቅረብ ስህተት ነው። ማረም ጥሩ ነው፤ ግን ጨዋታው በዚህ አይፈርስም። የሚፈርሰው ዋናው ደንብ ሲላላ ነው። ገባሯ ያለ ምንም መዘዝ ወደ መንደሯ ደርሳ መመለስ ከቻለች ታሪክ የለም። ደንቡን አጥብቁ፣ ወጡን ተዉት።

«መጨረሻውን አስቀድሜ መጻፍ አለብኝ»

ልብ ወለድ ቢሆን እሺ። እዚህ ግን ውሳኔው የተጫዋቾቹና ዕድልን ለመወሰን የሚጣለው የዳይሱ ነው። የትኛው ልዑል እንደሚነግሥ ጽፋችሁ ከመጣችሁ ተጫዋቾቹ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ። በምትኩ አንድ ነገር ጻፉ፦ እነሱ ምንም ባያደርጉ ምን ይሆናል? በመጀመሪያው ቀን የንጉሡ ሞት ወሬ ገበያ ይደርሳል። በሁለተኛው ቀን አንዱ ልዑል ዘቦቹን በወርቅ ሊገዛ ይሞክራል። በሦስተኛው ቀን የጦር አዛዡ ወታደሮች መንገዱን ይዘጋሉ። ከዚያ «መሽቷል፤ አምባው ሥር ደርሳችኋል፤ ዘቡ ማን ነህ ይላል» ብላችሁ ጀምሩና ለእነሱ ልቀቁላቸው።